የሽማግሌዎች ቃልና የተመራማሪው ደብተር
የኡልሪሽ ብራውኬምፐር የሐዲያና የከምባታ ጥናት ለትምህርት ቤቶቻችን ያለው ጥቅም

መግቢያ

በታሪክ መማሪያ መጻሕፍታችን ውስጥ የእቴጌ እሌኒ ስም ደጋግሞ ይነሣል። እቴጌይቱ የልጁ ንጉሥ የልብነ ድንግል ሞግዚት ሆነው መንግሥቱን እንደ መሩና ማቴዎስ የተባለውን መልእክተኛ እ.ኤ.አ. በ1509 ገደማ ወደ ፖርቱጋል እንደ ላኩ ተማሪው ያነባል፤ ለፈተናም ያጠናዋል። ይሁን እንጂ እቴጌ እሌኒ የሐዲያው ገዥ የገራድ መሐመድ ልጅ እንደ ነበሩ፣ ሆሳዕና ላይ የሚማረው የሐዲያ ልጅ እንኳ ብዙ ጊዜ ሳይሰማ ትምህርቱን ይፈጽማል። ንግሥቲቱን ያወቃቸው በቤተ መንግሥት ነው፤ የወጡበት አገር ምን ይመስል እንደ ነበር፣ ማን ይኖርበት እንደ ነበር፣ ሕዝቡ ከዚያ ወዲህ ወዴት እንደ ሄደ የሚነግረው ምዕራፍ የለም።

ይህ ጽሑፍ የሚመለከተው ያን የጎደለ ምዕራፍ ለመሙላት ረጅም የምርምር ዘመናቸውን ያዋሉትን የጀርመን የሥነ ሰብእ ወይም የአንትሮፖሎጂ ሊቅ ፕሮፌሰር ኡልሪሽ ብራውኬምፐርን ነው። የጽሑፉ ዓላማ ሊቁን ለማወደስ አይደለም። እኒህ ተመራማሪ ምን ጠየቁ? እንዴት ጠየቁ? ያገኙትስ ለመምህሩና ለትምህርት ፕላን አውጪው ምን ይጠቅማል? የሚሉትን ጥያቄዎች ለመመርመር ነው። በጽሑፉ ውስጥ «እ.ኤ.አ.» ያልተባለባቸው የነገሥታት ዘመናትና መጻሕፍት የታተሙባቸው ዓመታትም በአውሮፓ አቈጣጠር የተሰጡ ናቸው፤ በኢትዮጵያ አቈጣጠር የተነገሩት «ዓ.ም.» ተብለው ተለይተዋል።

በጽሑፍ የቈየው ታሪክ

ሐዲያ የሚለው ስም በጽሑፍ ምንጮች ውስጥ እንግዳ አይደለም። በ14ኛው ምዕተ ዓመት የመጀመሪያ አጋማሽ የጻፈው ዐረባዊው ሊቅ አል ዑመሪ በኢትዮጵያ ምድር ነበሩ ከሚላቸው ሰባት የሙስሊም መንግሥታት መካከል ሐዲያን ይቈጥራል፤ ገዥዋም 40,000 ፈረሰኛ ለማሰለፍ የሚችል ኃያል እንደ ነበረ ይናገራል። አል ዑመሪ የጻፈው ከሌሎች የሰማውን እንጂ በዓይኑ ያየውን ስላልሆነ ቍጥሩን እንዳለ መቀበል አይገባም። ነገር ግን የሐዲያ ስም ካይሮ ድረስ የተሰማ እንደ ነበረ ከዚህ እንረዳለን።

ከ1314 እስከ 1344 የነገሡት የዐፄ ዐምደ ጽዮን ዜና መዋዕል የሐዲያው ገዥ አማኖ ግብር አልከፍልም ስላለ ንጉሡ እንደ ዘመቱበትና ከሕዝቡ ብዙውን ማርከው እንደ ወሰዱ ያወሳል። ከ1434 እስከ 1468 የነገሡት የዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ዜና መዋዕል ደግሞ የገራድ መሐመድ ልጅ ማሒኮ ዐምፆ እንደ ነበርና በአጎቱ በባሞ እንደ ተተካ ይተርካል። በ16ኛው ምዕተ ዓመት የኢማም አሕመድ ኢብን ኢብራሂም ዘመቻ ወደ ሐዲያ እንደ ደረሰ ዐረብ ፈቂህ ጽፏል። ከ1563 እስከ 1597 የነገሡት ዐፄ ሠርፀ ድንግልም ወደዚያው አገር ዘምተዋል። እ.ኤ.አ. በ1613 ዐፄ ሱስንዮስ የላኩት አንቶኒዮ ፈርናንዴስ የተባለው የኢየሱሳውያን ማኅበር ካህን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ጠረፍ የሚያደርስ መንገድ ሲፈልግ በከምባታ በኩል ዐለፈ። በከምባታ የተቀበለው ገዥ ሐመልማል ይባል ነበር። ጉዞው በአላባው ገዥ በአሊኮ ተከለከለና መልእክተኛው ወደ መጣበት ተመለሰ።

እነዚህ ምንጮች ክቡር ናቸው። ሆኖም ስንደረድራቸው አንድ የጋራ ጠባይ ይታይባቸዋል። ሐዲያ በዜና መዋዕል የሚጻፈው ግብር ሲከለክል፣ ወይም ጦር ሲዘምትበት፣ ወይም ለቤተ መንግሥት ሚስት ሲሰጥ ብቻ ነው። በአንዱ ዘመቻና በሌላው ዘመቻ መካከል ባሉት ዓመታት ሕዝቡ ምን ይሠራ እንደ ነበር የሚጽፍ ጸሐፌ ትእዛዝ አልነበረም። ከ17ኛው ምዕተ ዓመት በኋላማ እስከ 19ኛው ምዕተ ዓመት መጨረሻ ድረስ የጽሑፉ ምንጭ ከሞላ ጎደል ይደርቃል። ሁለት መቶ ዓመት የሚያህል ጊዜ፣ በሕዝቡ አእምሮ ካልሆነ በቀር፣ በሌላ ቦታ አልተመዘገበም ማለት ነው።

ከፍራንክፈርት የተነሣው መንገድ

ይህን በአእምሮ የተያዘ ታሪክ ለመሰብሰብ የተነሡት ተመራማሪ የመጡት በጀርመን አገር በፍራንክፈርት ከተማ ከሚገኘው የፍሮቤኒዩስ ተቋም ነው። በሌዎ ፍሮቤኒዩስ የተመሠረተው ይህ ተቋም እ.ኤ.አ. ከ1925 ጀምሮ በዚያች ከተማ ይገኛል። ተመራማሪዎቹም ወደ ደቡብ ኢትዮጵያ መምጣት የጀመሩት ቀደም ብለው ነው። አዶልፍ የንሰን የመሩት ቡድን በ1934 እና በ1935 መጣ፤ ከጦርነቱ በኋላም በ1950 እና በ1952 መካከል የንሰን ከአይኬ ሀበርላንድና ከሌሎች ተመራማሪዎች ጋር ተመልሰው መጡ። ሀበርላንድ በ1963 ስለ ደቡብ ኢትዮጵያ ኦሮሞ፣ በ1965 ደግሞ ስለ ኢትዮጵያ ንግሥና ሥርዓት ትልልቅ መጻሕፍት አሳትመዋል፤ ከዚያም ተቋሙን መርተዋል። ከጀርመኖቹ ሌላ ኢጣሊያዊው ኤንሪኮ ቼሩሊ በ1938 ስለ ሲዳማ ቋንቋና ታሪክ፣ ለዚሁም ስለ ቀረቡት ሕዝቦች የጻፉት መጽሐፍ ለኋለኞቹ አጥኚዎች መነሻ ሆኖ ነበር።

ከእነዚህ ቀዳሚዎች ብዙዎቹ ያተኰሩት በእምነት፣ በአፈ ታሪክና በልማድ ላይ ነው። የንሰንን ይበልጥ የሳባቸው ጥንታዊ የሚመስለው ሥርዓት ነበር። ኡልሪሽ ብራውኬምፐር ግን የታሪክ ጥያቄ ይዘው መጡ። ወደ ኢትዮጵያ ጥናት ከመግባታቸው በፊት እስልምና በምዕራብ አፍሪካ በአዳማዋ ምድር ታሪክና ባህል ላይ ስላሳደረው ተጽዕኖ አጥንተው ነበር፤ ይህም ጥናት በ1970 በመጽሐፍ መልክ ታተመ። በአዳማዋ ያዩት ጉዳይ፣ ማለትም ሃይማኖት ከነጋዴና ከከብት አርቢ ጋር ሲጓዝ የሕዝብን ማንነት እንዴት እንደሚለውጥ፣ በሐዲያም እንደገና የሚገጥማቸው ጉዳይ ነበር።

ብራውኬምፐር በ1970ዎቹ የመጀመሪያ ዓመታት ወደ ሐዲያና ከምባታ ሲመጡ አገሩ በሸዋ ጠቅላይ ግዛት ሥር የከምባታና ሐዲያ አውራጃ ይባል ነበር። የአውራጃው ዋና ከተማ ሆሳዕና ስሟን ያገኘችው ከበዓለ ሆሳዕና ሲሆን፣ ነባሩ የቦታው ስም ዋቸሞ ነው። በዚያን ጊዜ ገበሬው ከባለ መሬት ጋር በጭሰኝነት የተሳሰረ ነበር። ከዳግማዊ ምኒልክ ዘመቻ በፊት የነበረውን ጊዜ ከአባቶቻቸው አፍ የሰሙ፣ አንዳንዶቹም የሽግግሩን ዘመን በልጅነታቸው ያዩ ሽማግሌዎች ገና በሕይወት ነበሩ። ጥቂት ዓመታት ቢዘገይ ኖሮ ይህ ጥናት በዚያ መልኩ ሊሠራ ባልቻለ ነበር። በ1966 ዓ.ም. አብዮቱ ፈነዳ፤ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. የገጠር መሬት ዐዋጅ ታወጀ፤ ተመራማሪው ያዩት የኑሮ ሥርዓትም ከመሠረቱ ተለወጠ። በ1980 የታተመው ዋና መጽሐፋቸው የሐዲያን ታሪክ «ከመነሻው እስከ 1974 አብዮት» የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

የትውልድ ሐረግ እንደ ሰነድ

አንድ አንትሮፖሎጂስት የሚያጠናው በዘመኑ ያለውን ኅብረተሰብ ነው፤ የታሪክ ጸሐፊ ደግሞ ያለፈውን። የብራውኬምፐር ሥራ ሁለቱን ያጣመረ ነበር። በሕይወት ያለው የጎሣ አደረጃጀት፣ በሽማግሌው ቃል የሚነገረው የትውልድ ሐረግ፣ የቦታ ስምና የአምልኮ ልማድ ያለፈውን ዘመን የሚያስረዱ ሰነዶች ሆነው ተወሰዱ። በሐዲያ ዘንድ ልጅ አባቶቹን ወደ ላይ እየቈጠረ መጥራት ይማራል። ሌሞ፣ ሶሮ፣ ሻሾጎ፣ ባደዋቾ፣ ሊቢዶ ወይም ማረቆ የተባሉት ክፍሎችም ዝምድናቸውንና ልዩነታቸውን የሚያስረዱት በዚሁ ሐረግ ነው።

ይሁን እንጂ የትውልድ ሐረግ እንደ ተነገረ ወዲያው ታሪክ አይሆንም። ይህን ለማስረዳት ከራሴ የሥራ ልምድ አንድ ምሳሌ ላንሣ። ለዕጩ መምህራን የየቤተሰባቸውን የትውልድ ሐረግ ጠይቀው ጽፈው እንዲያመጡ የቤት ሥራ ሰጥቼ ነበር። ከአንድ ጎሣ የተወለዱ ሁለት ተማሪዎች አንድ የጋራ አባት ጠቅሰው መጡ፤ ነገር ግን አንደኛው እስከዚያ አባት ድረስ 11 ትውልድ ሲቈጥር ሌላው 14 ቈጠረ። አንድን ትውልድ በ30 ዓመት ብንገምት የመጀመሪያው 330፣ ሁለተኛው 420 ዓመት ይሆናል። የ90 ዓመት ልዩነት ማለት ነው። በክፍሉ ውስጥ ክርክር ተነሣ፤ እያንዳንዱም የአያቱን ቃል እውነት ነው ብሎ ያዘ። በሚቀጥለው ሳምንት ባለ 11ዱ ተማሪ ወደ አያቱ ተመልሶ ሄዶ ሦስቱ ስሞች ለምን እንደ ቀሩ ጠየቃቸው። አያትየውም፣ «እነርሱን ዐውቃቸዋለሁ፤ ግን ከእነርሱ ሌላ ቤት አልተከፈለም፤ አንድ ልጅ ብቻ እየወለዱ ዐለፉ፤ የሚቈጠረው ቤት የተከፈለበት አባት ነው» ብለው መለሱ።

ይህ መልስ ከብዙ የመማሪያ መጽሐፍ ገጽ ይልቅ አስተማሪ ነበር። ሽማግሌው አልተሳሳቱም፤ አልዋሹምም። የትውልድ ሐረጉ የተያዘው ዘመን ለመቍጠር ሳይሆን፣ ማን ከማን ጋር እንደሚዛመድ፣ ማን ከማን እንደማይጋባ፣ የደም ካሳ ሲመጣ ማን ከማን ጋር እንደሚያዋጣ ለማወቅ ነው። ስለዚህ ለዝምድናው የማያስፈልገው ስም ይወድቃል። ተመራማሪው ይህን ካላወቀ ዘመኑን ያሳጥራል፤ ካወቀ ግን ከአንድ በላይ ሐረጎችን አስተያይቶ፣ ከጎረቤት ሕዝብ ቃል ጋር አመሳክሮ፣ በዜና መዋዕልና በዐረብኛ ጽሑፍ ከሚታወቅ ቀን ጋር አገናኝቶ ወደ እውነቱ ለመቅረብ ይችላል። የብራውኬምፐር መጽሐፍ የተሠራውም በዚህ ዓይነት ማመሳከር ነው።

በብዙ ጎሣዎች ዘንድ «አባታችን ከዐረብ አገር መጣ» የሚል ቃል አለ። ይህን ቃል እንዳለ የሚቀበል ሰው ይሳሳታል፤ ተረት ነው ብሎ የሚጥለውም እንዲሁ ይሳሳታል። ቃሉ ስለ ሥጋ ትውልድ እርግጠኛ ማስረጃ ባይሆንም፣ ሕዝቡ ከእስልምና ጋር የነበረውን ጥንታዊ ግንኙነትና ለዚያ ግንኙነት የሰጠውን ክብር ይመሰክራል። ጠንቃቃ ተመራማሪ ቃሉን «እውነት ነው ወይስ ሐሰት?» ብሎ ብቻ አይጠይቀውም፤ «ስለ ምን ነገር ይመሰክራል?» ብሎም ይጠይቀዋል።

ከወሰን የተሻገረ ታሪክ

ከዚህ ምርምር የተገኘው ዋና ውጤት ምንድን ነው? በአጭሩ፣ የዛሬው የሐዲያ አገር የጥንቱ የሐዲያ አገር አይደለም የሚል ነው። ብራውኬምፐር እንዳስረዱት የጥንቱ ሐዲያ የነበረው ከስምጥ ሸለቆ በስተምሥራቅ፣ ዛሬ አርሲና ባሌ ወደምንላቸው ምድሮች በሚዘረጋ ሰፊ አገር ነበር። በ16ኛውና በ17ኛው ምዕተ ዓመታት በጦርነቱ መናወጥና በኦሮሞ መስፋፋት ምክንያት ከሕዝቡ ከፊሉ ወደ ምዕራብ ተሻግሮ ዛሬ ወደሚኖርበት ደጋ ቀስ በቀስ ገባ። ከፊሉ ግን በነበረበት ቀረ። የቀረውም ቋንቋውንና ስሙን ለውጦ ከአርሲ ኦሮሞ ጋር አንድ ሆነ፤ ከአርሲ ጎሣዎች ብዙዎቹ የሐዲያ መሠረት ያላቸው መሆናቸውን በራሳቸው ቃል ይናገራሉ። ሌላው ክፍል ደግሞ በሴማዊ ቋንቋ ከሚናገሩት ከስልጤና ከጎረቤቶቻቸው ታሪክ ጋር የተሳሰረ ነው። ስለዚህ ሐዲያ የሚለው ጥንታዊ ስም የአንድ ቋንቋ ተናጋሪ ሕዝብ ስም ብቻ አልነበረም፤ ልዩ ልዩ ቋንቋ የሚናገሩ ሕዝቦች የነበሩበት የፖለቲካ ማኅበር ስም ነበር።

ይህ ውጤት የተመራማሪውን የሥራ ዘመን ራሱን አቅጣጫ አስያዘው። የአንድን ሕዝብ ታሪክ ለመጻፍ የጀመሩት ሊቅ የጎሣውን ዱካ ሲከተሉ ከሆሳዕና ወደ አርሲ፣ ከአርሲ ወደ ባሌ፣ ከባሌ ወደ ሐረርጌ ለመሻገር ተገደዱ። በ1977 ከ13ኛው እስከ 16ኛው ምዕተ ዓመት ስለ ነበሩት የደቡብ ምሥራቅ ኢትዮጵያ የሙስሊም መንግሥታት የጻፉት ጥናት፣ በኋላም በ1984 ስለ ሐረር ደጋ እስልምናና የቅዱሳን መቃብሮች ያወጡት ጽሑፍ የዚህ መሻገር ፍሬዎች ናቸው። እነዚህና ሌሎች ጥናቶች ተሰብስበው በ2002 በደቡብ ኢትዮጵያ የእስልምና ታሪክና ባህል በሚል ርእስ በእንግሊዝኛ ታተሙ። ተመራማሪው በኋላ በጎቲንገን ዩኒቨርሲቲ የሥነ ሰብእ ፕሮፌሰር ሆነው ሲያስተምሩም ኢትዮጵያን አልተውም። በሐምቡርግ ለተዘጋጀውና ከ2003 ጀምሮ በአምስት ቅጽ ለወጣው የኢትዮጵያ ጥናት ኢንሳይክሎፔዲያም ጽሑፎች አበርክተዋል።

ስለ ከምባታ የጻፉት መጽሐፍ በ1983 ታተመ። የርእሱ ትርጕም «ከምባታዎች፦ የአንድ የደቡብ ኢትዮጵያ ገበሬ ሕዝብ ታሪክና ማኅበረሰብ» የሚል ነው። በሁለቱ መጻሕፍት መካከል ያለው ልዩነት ራሱ ትምህርት ይሰጣል። ሐዲያ በረጅሙ ታሪኩ ይበልጡን ከብት አርቢ ነበር፤ ብዙ ከብት ያፈራ ሰው በሥነ ሥርዓት የሚከበርበት፣ ሕዝቡም ከከብቱ ጋር ረጅም መንገድ የሚጓዝበት ኅብረተሰብ ነበር። ከምባታ ግን በሐምበሪቾ ተራራ ዙሪያ ጥቅጥቅ ብሎ የሰፈረ፣ እንሰት ተክሎ ከጓሮው የሚኖር፣ ዎማ በሚባል ንጉሥ የሚተዳደር ሕዝብ ነበር። የከምባታ ትውፊት የሰባቱን ጎሣዎች መነሻ ከዚሁ ተራራ ጋር ያያይዘዋል። ሐዲያውም ወደ ደጋው ከገባ በኋላ ቀስ በቀስ እንሰት መትከልን ከጎረቤቶቹ ተማረ። ዛሬ በሆሳዕና ገበያ ቆጮ ሲሸጥ የሚያይ ልጅ፣ ይህ ምግብ የአያቶቹ ሁሉ ጥንታዊ ምግብ ይመስለዋል። በእውነቱ ግን ቆጮው ሁለት ሕዝቦች ጎን ለጎን ኖረው እርስ በርስ የመማማራቸው ማስረጃ ነው።

የቋንቋ ግድግዳ

ከላይ የተመለከተው ሁሉ ደስ የሚያሰኝ ነው። አንድ መራራ ነገር ግን አለ። የሐዲያ ታሪክ መጽሐፍ በ1980 ሲታተም የተጻፈው በጀርመንኛ ነበር። ወደ እንግሊዝኛ ተተርጕሞ የወጣው በ2012 ነው። በመካከሉ 32 ዓመት ዐለፈ። በእነዚያ ዓመታት ቃላቸውን የሰጡት ሽማግሌዎች አብዛኞቹ አረፉ፤ የልጆቻቸው ልጆች ግን በየትምህርት ቤቱ ስለ ራሳቸው ሕዝብ አንድ ገጽ ሳያነቡ አደጉ። የከምባታው መጽሐፍም የተጻፈው በዚያው በጀርመንኛ ነው። የሽማግሌው ቃል ከሆሳዕና ወጥቶ ፍራንክፈርት ደረሰ፤ ከፍራንክፈርት ግን ወደ ሆሳዕና ለመመለስ አንድ ትውልድ ወሰደበት።

ጥፋቱ የተመራማሪው ብቻ ነው ለማለት አይቻልም። ሊቅ በአገሩ ቋንቋ ለአገሩ ምሁራን ይጽፋል። ጥያቄው ወደ እኛም ይመለሳል። በ1971 ዓ.ም. የተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ከተካሄደባቸው 15 ቋንቋዎች መካከል ሐዲይኛና ከምባትኛ ይገኙ ነበር። በ1986 ዓ.ም. የወጣው የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ሕፃናት በአፍ መፍቻ ቋንቋቸው እንዲማሩ መንገድ ከፈተ። ቋንቋው ወደ ክፍል ሲገባ በዚያ ቋንቋ የሚነገረው ታሪክ አብሮት ሊገባ ይገባ ነበር። ፊደሉን አስተማርን፤ በፊደሉ የሚነበበውን ታሪክ ግን ለማዘጋጀት ዘገየን።

በዚህ ረገድ እንደ በጎ አርአያ የሚጠቀስ አንድ ሥራ አለ። በ1999 የፍሮቤኒዩስ ተቋም የሐዲያን የውዳሴና የተረብ ዘፈኖች የያዘ መጽሐፍ በእንግሊዝኛ አሳተመ። በሽፋኑ ላይ የሁለት ጸሐፊዎች ስም ይገኛል፤ አንዱ ኡልሪሽ ብራውኬምፐር፣ ሌላው ጥላሁን ሚሻጎ። ይህ ትንሽ ነገር አይደለም። በቀድሞው ልማድ የአገሩ ተወላጅ አስተርጓሚ ወይም ቃል ሰጪ ሆኖ በመቅድሙ ላይ ይመሰገን ነበር፤ እዚህ ግን የመጽሐፉ ባለቤት ሆኗል። ብራውኬምፐር በ2014 ስለ ፈንዳኖ፣ ማለትም ስለ ሐዲያ ነባር የእምነትና የማኅበራዊ ኑሮ ሥርዓት ያሳተሙት መጽሐፍ ደግሞ ጥናቱ በጊዜው መደረጉ ምን ያህል እንደ ጠቀመ ያሳያል። ፈንዳኖ ነባሩን እምነት ከእስልምና ከመጡ ልማዶች ጋር ያዋሐደ ሥርዓት ነበር። በ20ኛው ምዕተ ዓመት የክርስትናና የእስልምና ትምህርት ሲስፋፋ ተከታዮቹ እየተመናመኑ ሄዱ። ዛሬ አንድ ዕጩ መምህር ስለ ፈንዳኖ ሊጠይቅ ቢነሣ፣ ሥርዓቱን ከኖረበት ሰው ይልቅ ስለ ሥርዓቱ የሰማን ሰው የሚያገኝ ይመስለኛል።

ጥንቃቄ የሚያስፈልጋቸው ነጥቦች

መምህሩ እነዚህን መጻሕፍት ሲጠቀም ሦስት ነገሮችን ማስተዋል ይገባዋል። አንደኛ፣ የትውልድ ሐረግ የአባቶች ሐረግ ነው። የእናቶች ስም በውስጡ የለም ማለት ይቻላል። ሴቶች ከጎሣ ወደ ጎሣ፣ ከሐዲያ ወደ ከምባታ፣ ከከምባታ ወደ ሐላባ እየተዳሩ ቋንቋንና የእንሰት ሥራን ይዘው የተጓዙበት መንገድ በአባቶች ዝርዝር አይታይም። ሸክላ ሠሪዎች፣ ቆዳ ፋቂዎችና ቀጥቃጮችም በትልልቆቹ ጎሣዎች ሐረግ ውስጥ ቦታ አላገኙም። ያልተነገረው ታሪክ ያልነበረ ታሪክ እንዳልሆነ ለተማሪው ሊነገረው ይገባል።

ሁለተኛ፣ በቃል ሲነገር የኖረ ነገር ከታተመ በኋላ ይደርቃል። ሽማግሌዎች በዳኝነት ሸንጎ ላይ ሲከራከሩ ቃሉ ይታረማል፤ በመጽሐፍ ከሰፈረ በኋላ ግን «መጽሐፉ እንዲህ ይላል» ተብሎ ለመሬትና ለሥልጣን ክርክር ማስረጃ እንዲሆን ይቀርባል። ተመራማሪው «ይመስላል» ብሎ የጻፈውን አንባቢው «ነው» ብሎ ሲጠቅሰው ማየት የተለመደ ሆኗል።

ሦስተኛው ከሁሉ የሚከብደው ነው። የአካባቢ ታሪክ የሚዘጋጀው በአስተዳደር ክልል ነው። እያንዳንዱ ዞን የራሱን ሕዝብ ታሪክ ያዘጋጃል፤ ታሪኩም በዞኑ ወሰን ላይ ይቆማል። ብራውኬምፐር ያሳዩን ታሪክ ግን በወሰን አይቆምም። የሐዲያን ታሪክ ያለ አርሲ፣ ያለ ስልጤ፣ ያለ ከምባታና ያለ ሲዳማ መጻፍ፣ የአንድን ወንዝ ታሪክ ከድልድይ እስከ ድልድይ ብቻ እንደ መጻፍ ነው። ከነሐሴ 2015 ዓ.ም. ጀምሮ ሐዲያ፣ ከምባታ፣ ሐላባ፣ ስልጤና ጉራጌ በማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል ውስጥ አብረው ይገኛሉ። ይህ ለጋራ ሥራ አመቺ ነው፤ አርሲ ግን በኦሮሚያ፣ ሲዳማም በራሱ ክልል ስለሆነ ጥያቄው በዚህ ብቻ አይፈታም።

ምን ሊደረግ ይቻላል?

ከዚህ በመነሣት ለመምህራንና ለትምህርት ፕላን አውጪዎች ጥቂት ሐሳቦችን ማቅረብ ይቻላል። ሁሉም ብዙ ገንዘብ አይጠይቁም።

በመጀመሪያ፣ በመምህራን ማሠልጠኛ ኮሌጆች እያንዳንዱ ዕጩ መምህር ከመመረቁ በፊት ከአንድ ሽማግሌና ከአንዲት አሮጊት ቃል እንዲቀበል ቢደረግ መልካም ነው። የተናጋሪው ስም፣ የተነገረበት ቦታና ቀን፣ የተነገረበት ቋንቋ፣ እንዲሁም ተናጋሪው ቃሉ እንዲቀመጥ የፈቀደ መሆኑ መጻፍ አለበት። ይህ ካልተጻፈ ወረቀቱ ከጥቂት ዓመት በኋላ ማን እንደ ተናገረው የማይታወቅ ወሬ ሆኖ ይቀራል። የተሰበሰበውም በኮሌጁ ቤተ መጻሕፍት በሥርዓት ይቀመጥ።

ሁለተኛ፣ አንድ ቃል ከመማሪያ መጽሐፍ ከመግባቱ በፊት ቢያንስ ከሦስት ሰዎች፣ ከእነርሱም አንዱ ከጎረቤት ሕዝብ፣ ተሰምቶ ይመሳከር። የማይስማማው ነገር ሲገኝ አንዱን ጥሎ ሌላውን ከማንሣት ይልቅ ሁለቱንም ለተማሪው ማሳየት ይሻላል። የ11 እና የ14 ትውልድ ክርክር በክፍሌ ውስጥ ያስተማረው ነገር ከተዘጋጀው ትምህርት ይበልጥ ነበር።

ሦስተኛ፣ ከሐዲያና ከከምባታ መጻሕፍት ዋና ዋና ምዕራፎች ባለ መብቶቹን በማስፈቀድ ወደ አማርኛ፣ ወደ ሐዲይኛና ወደ ከምባትኛ ተተርጕመው ለመምህሩ ማመሳከሪያ እንዲሆኑ ቢደረግ፣ የ32 ዓመቱ መዘግየት ሌላ ትውልድ እንዳይጨምር ይረዳል።

አራተኛ፣ የአጎራባች ዞኖችና ክልሎች የሥርዓተ ትምህርት ባለሙያዎች የአካባቢ ታሪክን ሲያዘጋጁ ረቂቃቸውን ይለዋወጡ። በሆሳዕና የተጻፈውን በወራቤ፣ በዱራሜና በአሰላ ያለ ባለሙያ አስቀድሞ ቢያነበው፣ አንዱ መጽሐፍ ሌላውን የሚክድበት ምክንያት ይቀንሳል።

መደምደሚያ

የብራውኬምፐር የምርምር ዘመን ከአንድ ሕዝብ ጥያቄ ተነሥቶ ወደ ብዙ ሕዝቦች ታሪክ የሰፋ ነው። መነሻው በአንድ አውራጃ ከተማ የተቀመጠ ሽማግሌ ቃል ነበር፤ መድረሻው ከስምጥ ሸለቆ እስከ ሐረር የተዘረጋ የሕዝቦች ትስስር ሆነ። ከመጻሕፍቱ የምንወርሰው ዋና ነገር የተጠናቀቀ የጎሣ ዝርዝር አይደለም፤ ዝርዝሩ ገና ሊታረም ይችላል። የምንወርሰው አሠራሩን ነው፦ ጠይቆ መጻፍ፣ ቈጥሮ ማመሳከር፣ ማስረጃው የሚያልቅበትን ቦታ በግልጽ መናገር፣ የጎሣው ዱካ ወንዝ ሲሻገርም አብሮ መሻገር።

የእቴጌ እሌኒን ስም የሚያጠና የሆሳዕና ተማሪ አንድ ቀን «የእርሳቸው አገር የት ነበር? ዛሬስ በዚያ ማን ይኖራል?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። መልሱ ከፊሉ በመጽሐፍ አለ፤ ከፊሉ ደግሞ ገና በአያቱ ቤት ነው። መጽሐፉ ይቆየናል። ሽማግሌው ግን ስለማይቆዩን፣ ልጁን ወደ እርሳቸው መላክ የዚህ ዓመት ሥራ መሆን ይገባዋል።